እትዬ ሶፍትና ነጩ ፓውደር

ከትልቁ ሱቅ በር ገባ ብሎ፣ በሽቶውና በካልሲው መሀል፣ ባለመስታወት ባንኮኒ አለ። ከባንኮኒው ኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቆመች ሴት አለች። እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ማንም የለም፤ ለሠራተኛውም ለደንበኛውም እትዬ ሶፍት ናት። ስሙን ያወጣላት የበሩ ዘበኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሰው ከማየት ሌላ ሥራ ስለሌለው ለሱቁ ሰው ሁሉ ስም ሲያወጣ ይውላል፤ የሚያወጣው ስም ደግሞ እንደ ማስቲካ ነው፣ አንዴ ከተጣበቀ አይለቅም።

ስሙ የመጣው ከአሠራሯ ነው። አንዲት ደንበኛ መጥታ «ፊቴ እያብለጨለጨ አስቸገረኝ፣ ፓውደር ስጪኝ» ስትላት፣ እትዬ ሶፍት ፓውደር አትሰጥም፤ ወንበር ነው የምትሰጠው።

«ከኋላ ቧንቧ አለ። ፊትሽን ታጠቢና ነይ ተቀመጪ። ምንም እንዳትቀቢ።»

ደንበኛዋ ግማሽ ሰዓት ባዶ ፊቷን ይዛ ትቀመጣለች። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ እትዬ ሶፍት የማትሰማው ጉድ የለም፤ ከማን ጋር እንደተጣላች፣ ቢሮዋ ስንት መስኮት እንዳለው፣ ታክሲ ስትጠብቅ ፀሐይ ላይ ምን ያህል እንደምትቆም። ወሬ ቢመስልም ሥራ ነው። እሳት ፊት የምትውል ሴትና ቀዝቃዛ ባንክ ውስጥ የምትውል ሴት አንድ ፓውደር አይሆናቸውም። ከዚያ ሶፍቱን ታወጣለች። ድርቡን ለሁለት ትለየውና አንዱን ስስ ገጽ ግንባር ላይ፣ አፍንጫ ላይ፣ አገጭ ላይ፣ በመጨረሻም ጉንጭና ጉንጭ ላይ ለጠፍ እያደረገች ታነሳዋለች። ይዛው ወደ መስኮቱ ትሄድና በብርሃኑ ላይ ዘርግታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ሐኪም ራጅ እንደሚያይ ታየዋለች።

«ይኸውልሽ፣ ጥፋተኞቹ ግንባርሽና አፍንጫሽ ናቸው። ጉንጭሽ ምስኪን ነው፣ ምንም አላደረገም። ለምን አብረሽ ትቀጪዋለሽ?»

ቀጥላ ሦስት ፓውደር ትመርጥና ከመንጋጋ ጠርዝ ላይ፣ ፊትና አንገት ከሚገናኙበት፣ ጎን ለጎን ታስነካለች። የሱቅ መብራት ውሸታም ነው ብላ ስለምታምን ደንበኛዋን ክንዷን ይዛ፣ ዘበኛውን አልፋ፣ ደጅ ታወጣታለች። ከሦስቱ መሀል ቆዳው ውስጥ ሰርጎ የት እንደገባ የጠፋው የዚያች ሴት ነው። እሱንም ቢሆን በዚያ ቀን አትሸጥላትም። ግንባርና አፍንጫዋ ላይ በስፖንጅ ጫን ጫን አድርጋ፣ ሳታሽ፣ ጥቂት ትቀባትና ታሰናብታታለች።

«ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ። አራት ሰዓት ቆይተሽ ተመለሺና እናየዋለን።»

«ለምን እትዬ? አሁን እኮ ቆንጆ ነው!»

«ፓውደር እንደ ባል ነው የኔ እመቤት። ጠዋት የማያምር የለም፤ የሚታወቀው ከሰዓት ነው።»

ሱቁን ከአባቱ የወረሰው ወጣት ባለቤት በዚህ ነገር ፀጉሩን ይነጫል። «እትዬ፣ ሊገዛ የመጣ ሰው ታባርሪብኛለሽ» ይላታል። እሷ ትስቅበታለች። የሄዱት ይመለሱ ነበርና፤ ሲመለሱም እህታቸውን፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛቸውን አስከትለው ነው።

ይህን ያስተማራት ሰው የለም፤ የራሷ ግንባር ነው። እናቷና ታላቅ እህቷ ጥርት ያለ ደረቅ ፊት ሲኖራቸው፣ የአባቷን ቅባታም ግንባር የወረሰችው እሷ ብቻ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ እህቷ «ቁሚ እስቲ፣ ግንባርሽ ላይ ፀጉሬን ላስተካክል» እያለች ታሾፍባት ነበር። በቀን አምስቴ በሳሙና ታጠበች፤ ባሰበት። የሕፃን ፓውደር ደፋችበት፤ አመድ ላይ የተንከባለለች አህያ መስላ ዋለች። የደረቀ ቆዳ እልህ ይዞት ጭራሽ ቅባት እንደሚያወጣ፣ ከፓውደር በፊት ቀለል ያለ ክሬም እንደሚያስፈልግ፣ ማሸት ሳይሆን መጫን እንደሚሻል የገባት ብዙ ዓመት ከተቃጠለች በኋላ ነው።

እሷ ልጅ አልወለደችም። እህቷ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ያ የአያቷ ግንባር ወጣባት። እናትየው ስታዝን አክስትየው በሆዷ ደስ አላት። እንዲህ ያለ ደስታ ለሰው አይነገርም፤ ግን ልጅቷ የእህቷ ብትሆንም ግንባሯ የሷ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለልጅቷ ፓውደር የመረጠላት ሌላ ሰው የለም። ለመጀመሪያው ፈተናዋ፣ ለምረቃዋ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቋ ግንባሯን ያሰናዳችው አክስቷ ናት። «ይህን ግንባር ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም» ትላለች፤ ስትለውም አገጯ ከፍ ይላል።

ከስምንት ወር በፊት ነው በጋ የመጣችው።

በጋ እንግዲህ አዲሷ ሻጭ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ዘበኛው ስም እስኪያወጣላት ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ካርቶን ከመኪና እያወረደች ስትመላለስ ቢያይ ቢያይ ፊቷ ላይ አንዲት የላብ ጠብታ አጣ። ወዲያው ወደ ባንኮኒው መጣ።

«ጉድ ሆነሻል» አላት እትዬ ሶፍትን። «አንቺ ክረምት፣ እሷ በጋ! ሱቃችን ዘንድሮ ወቅቱ ተሟላለት።»

እትዬ ሶፍት ሳቀች። ሳቁ ከጥርስ አላለፈም።

በጋ ወንበር አትሰጥም፤ ታጠቢም፣ ቆይተሽ ነይም አትልም። ደንበኛዋን አየት ታደርግና ከመደርደሪያው አንዱን መዘዝ፣ በትልቁ ብሩሽ ዞር ዞር፣ በስልኳ ቀጭ! «እይው እስቲ እህቴ፣ አንቺ ነሽ ወይስ ሌላ ሰው?» ደንበኛዋ ስልኩን አይታ ትስቃለች፣ ትገዛለች፣ ትወጣለች። አምስት ደቂቃ። ባለቤቱ ከፎቅ ላይ ሆኖ ያያታል፤ ከጆሮ እስከ ጆሮ ይስቃል።

እትዬ ሶፍት መቁጠር ጀመረች። አንድ ቀን ከምሳ በፊት ወደ በጋ የሄደው ፊት ሰባት፣ ወደሷ የመጣው ሁለት። ከሁለቱም አንዷ መጸዳጃ ቤት የት እንደሆነ ልትጠይቅ ነው የመጣችው። ከዚያ ወዲህ የልጅቷ ነገር ሁሉ ዓይኗን ይወጋት ጀመር። ሳቋ ይጮኻል። በአንድ እግሯ ትቆማለች። ብሩሽ የምትይዘው እንደ መጥረጊያ ነው። «ቆንጆዬ» የምትለው ለሁሉም ነው፤ ለሁሉም ከተባለ ምኑን ቆንጆ ሆነ? ጥሩውን ስፖንጅ ከጋራው መሳቢያ አውጥታ በሽርጧ ኪስ መያዝ ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ቀድማ ትገባና የጠረጴዛውን መስታወት ሁለት ጣት ያህል ወደ ራሷ ትስበዋለች፤ ብርሃኑ ወደሷ እንዲያደላ። በጋ ስትመጣ ትመልሰዋለች።

«ይሄ መስታወት እግር አለው እንዴ?» ትላለች እየሳቀች።

«ፅዳቷ ትሆናለች» ትላለች እትዬ ሶፍት ወደ ካልሲው እያየች።

ከሁሉ የሚያንገበግባት ልጅቷ ክፉ አለመሆኗ ነው። ብትሰድባት፣ ብትንቃት እንኳ ለቅናቷ ሰበብ ባገኘች። በጋ ግን ደንበኛ ጭር ሲል ክርኗን ባንኮኒው ላይ አስደግፋ ትጠይቃታለች። «እትዬ፣ እንዲያው ያንን ሶፍት ስታዪ ምንድነው የሚታይሽ?»

«ይለመዳል» ብላ ትመልሳለች። ያ «ይለመዳል» ለበጋ የሰጠቻት ትምህርት ሁሉ ነው። ሙያ በልብ ነው ይባል የለ? በልቧ ያዘችው።

ነገሩ የፈነዳው የእህቷ ልጅ ልታገባ አምስት ቀን ሲቀራት ነው። ሰኞ ነበር። እትዬ ሶፍት ከኋላ ክፍል ምሳ ዕቃዋን ዘግታ፣ አፏን ጠርጋ ስትመለስ፣ ባንኮኒው ፊት የተቀመጠች ሴት ከጀርባዋ አየች። አንገቷን አወቀችው። ጠጋ ስትል ያ ግንባር፣ የራሷ ግንባር፣ ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በበጋ እጅ ውስጥ ነው።



«አክስቴ!» አለች ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ። «ምሳ ላይ ናት አሉኝ እኮ።»

«ምሳዬ እኮ ያልቃል። ብትጠብቂኝ ምን ነበረበት?»

«ቸኩዬ ነው። ቀሚሱን ልለካ ነው የምሄደው፤ መኪናው ቆሞ ይጠብቀኛል። ያንቺ ደግሞ ታጠቢ፣ ተቀመጪ፣ አራት ሰዓት ቆይተሽ ነይ ነው... በአራት ሰዓት ውስጥ እኮ አግብቼ እፈታለሁ!» ሳቀች። በጋም ሳቀች። «እይውማ ግንባሬን አክስቴ። ጥርት ብሏል!»

እውነቷን ነው፣ ጥርት ብሏል። እትዬ ሶፍት ጎንበስ ብላ አየችው። እንደ ሐር ልስልስ ብሎ፣ አንድም ቀዳዳ ሳይታይ፣ ጠፍቷል ያ ሁሉ ወዝ። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ክዳኑ የተከፈተውን ዕቃ አየች፤ ነጩ ብናኝ ፓውደር ነው። ቀለም የለውም፣ ለጠይሟም ለቀይዋም ይሆናል የሚባለው፣ ሲቀቡት ዓይን እያየው የሚሰወረው። በጋ ጥቂት አይደለም ያደረገችው፤ በግንባሩም፣ በአፍንጫውም፣ ከዓይኖቿ ሥርም ጠቅጥቃዋለች።

እትዬ ሶፍት ያንን ዕቃ ታውቀዋለች። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ ያለውን ለአንዲት የባንክ ሠራተኛ አብዝታ ቀብታት፣ ሴትየዋ በሦስተኛው ቀን የመታወቂያ ፎቶዋን ይዛ መጥታለች። በዓይን የማይታየው ፓውደር የካሜራ ፍላሽ ሲያርፍበት ብርሃኑን መልሶ ይረጨዋል፤ ሴትየዋ ጠይም አንገት ላይ የተቀመጠ ነጭ ፊት ይዛ ወጥታ ነበር። በቀን ብርሃን፣ ፍላሽ በሌለው ስልክ ቢያዩት ምንም የለውም። ጉዱ የሚመጣው አዳራሽ ውስጥ፣ ፎቶ አንሺው ያንን ትልቅ መብራት ቧ ሲያደርገው ነው። ሰርግ ደግሞ አዳራሽ ነው፤ ቧ ማለት ነው ሥራው።

አፏን ከፈተች።

ልክ በዚያ ቅጽበት በጋ ብሩሹን አስቀምጣ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ፈተና የጻፈች ተማሪ ዓይነት ነገር ነበረ። «እትዬ፣ አንቺ እይልኝ እስቲ። የሚስተካከል ካለ ንገሪኝ።»

የእህቷም ልጅ ቀጠለች። «ቅዳሜ ጠዋት እሷ ናት ቤት መጥታ የምትሠራኝ። እማዬ ናት ያለችው። አንቺ አክስት ነሽ አክስቴ፤ ጥሩ ልብስሽን ለብሰሽ መቀመጥ፣ መከበር ነው ያንቺ ሥራ።»

መከበር! የተከፈተው አፍ ተዘጋ። ምራቅ ዋጠና እንደገና ተከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነበር።

«ጥሩ ነው» አለች እትዬ ሶፍት። «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው።»

በጋ በደስታ ቀላች። የእህቷ ልጅ ዕቃውን በቦርሳዋ ከትታ እየሮጠች ወጣች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እትዬ ሶፍት አንድ ነገር ይዛ ትዞር ጀመር፤ እንደ ትኩስ ድንች አይጣል፣ አይያዝ። ማክሰኞ ዕለት ስልክ አንስታ የእህቷን ልጅ ቁጥር ካወጣች በኋላ መልሳ አስቀመጠችው። «እኔ ምን ቤት ነኝ? ተከበሪ አይደል የተባልኩት?» አለች ለራሷ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያ ነገር በአፏ ይጣፍጣት ጀመር። አልበሙ ሲመጣ ታያት። እህቷ ገጹን ስትገልጥ፣ ስትደነግጥ። «ምነው አክስቷ በሠራቻት!» ሲባል። በጋ አንገቷን ስትደፋ። ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ማን እንደሆነች በነዚህ ሐሳቦች ውስጥ አትመጣም ነበር፤ ስትመጣም ትገፋታለች።

ረቡዕ ከሰዓት ባሏ ሱቅ ገባች። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ለሰርጉ የምትለብሰውን እየለካላት ነበር። መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ በመስታወት ውስጥ ያያት ጀመር።

«ምነው ፊትሽ ጠበበ?»

«ፊት ይጠባል እንዴ? ቀሚሱ ነው የጠበበው።»

«ቀሚስ መች እንደሚጠብ አላጣውም። ተቀይመሻል።»

«ማንን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ልጅቷን ያቺ አዲሷ ትሠራታለች አሉ። ቀናሽ?»

«እኔ? በዚያች ቅንጭብ?» አለችና ክንዷን መነጨቀች። መርፌው ወጋት። «ደግሞ ፎቶው ሲመጣ ያዩታል።»

«ምኑን ነው የሚያዩት?»

«ምንም። ስፋ ዝም ብለህ።»

ሰውየው ሰፋ። ዝም አይነቅዝም ብሎ የሚያምን ባል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የእህቷ ቤት ሰው በሰው ላይ ነበር። ሙሽራዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ በጋ እጅጌዋን ሰብስባ ጎንበስ ቀና ትላለች። እትዬ ሶፍት በተሰጣት የክብር ወንበር ላይ፣ አዲሱ ቀሚሷ ጎኗን እያሳከካት፣ እያንዳንዷን የብሩሽ ዙር ትከተላለች። ይኸው ነጩ ወጣ። ይኸው ግንባር። ይኸው ከዓይን ሥር፤ ኧረ በዛ! እጇ ሳያስፈቅዳት ቦርሳዋን ከፈተና ሶፍት ያዘ። አንድ ስስ ሶፍት ነው የሚፈልገው፤ ጫን፣ ጫን፣ ትርፉን አንስቶ፣ በላዩ የልጅቷን የቆዳ ቀለም የያዘውን ጠጣር ፓውደር ጥቂት ማስነካት። ሁለት ደቂቃ። በሩ ላይ ፎቶ አንሺው የመብራቱን ሳጥን ይዞ ቆሟል።

ብድግ አለች። ሁለት እርምጃ ሄደች።

«ኧረ ተመልከቱልኝ!» አለች እህቷ ከወዲያ በኩል፣ ሁለት እጇን አጨብጭባ። «ወርቅ እጅ! እኔ እኮ ይህን ግንባር ዕድሜ ልኬን አይቼዋለሁ፣ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ያን ጊዜ ሁሉ በከንቱ ነው የለፋነው!»

ያን ጊዜ ሁሉ። እትዬ ሶፍት ከቆመችበት ሆና ሶፍቱን በጣቶቿ መሀል አድበለበለችው። ከዚያ ዞራ ሄዳ ተቀመጠች።

«ምነው ተነሳሽ?» አለቻት ጎኗ ያለችው ሴት።

«እግሬ ደንዝዞ ነው።»

አልበሙ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ግን እትዬ ሶፍት እንዳሰበችው እህቷ ሳሎን ውስጥ አልተገለጠም፤ እህቷ በብብቷ ይዛው፣ ሙሽራዋን አስከትላ፣ ሱቁ ድረስ መጣች። ዘበኛው «እንኳን ደስ ያለሽ» ሊላት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ አፉን ዘጋና ከኋላዋ ገባ። አልበሙ ባንኮኒው ላይ ዷ ብሎ ወደቀ።

«ነይ እዪ የእጅሽን ሥራ!» አለቻት በጋን።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች፣ በፀሐይ የተነሱት፣ ውብ ነበሩ። ከአዳራሹ ሲጀምር ግን ሌላ ነገር መጣ። ሙሽራው ጎን የቆመችው ልጅ አንገቷና ትከሻዋ የራሷ ነው፤ ፊቷ ግን ነጭ ነው። ከዓይኖቿ ሥር ሁለት ነጭ ጨረቃዎች፣ አፍንጫዋ ላይ ነጭ መስመር፣ ግንባሯ እንደ ሳህን። ሳቋ አፏ ላይ አለ፤ ፊቷ ላይ የለም።

ዘበኛው አንገቱን አስግጎ አየ። ዕድሜውን ሙሉ ቀልድ አጥቶ የማያውቅ ሰው ያን ቀን አጣ።

«በስልኬ አንስቼ አይቼው ነበር እኮ» አለች በጋ። ድምፅዋ ቀጥኗል። «ምንም አልነበረውም፤ እውነቴን ነው፣ ምንም አልነበረውም...»

«ምንም? ይሄ ነው ምንም? ልጄ አንዴ ነው የምታገባው!»

ጩኸቱን ሰምቶ ባለቤቱ ከፎቅ ወረደ። ደንበኞች ቆመው ያያሉ። በጋ እንባዋ መጣ፤ የምትይዘው ነገር ስታጣ አጠገቧ ያለውን ያዘች።

«እትዬም አይታዋለች። ሰኞ ዕለት ጥሩ ነው ብላኛለች። እትዬ እንኳ ያላወቀችውን እኔ ከየት ላውቀው እችላለሁ?»

ሁሉም ወደ እትዬ ሶፍት ዞሩ። እህቷ ዓይኗን አጠበበች። «እውነት ነው፤ አንቺስ ነበርሽ። አላየሽም?»

የማምለጫው በር ክፍት ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አላወቅኩም። እሱን ብትል ሁሉ ነገር በዚያው ይዳፈን ነበር፤ ልትልም ነበር። በእውነቱ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ባለቤቱ፣ ሰላም የሚፈጥር መስሎት፣ ቀደማት።

«እናንተም አትፍረዱባቸው» አለ እጁን ዘርግቶ። «እትዬም አታውቅም፣ ልጅቷም አታውቅም። እንዲህ ያለ ዕቃ የዛሬ ዘመን ነገር ነው። እትዬ የድሮ ሰው ናት፤ ከየት ታምጣው?»

በጋም በእንባዋ መሀል ራሷን ነቀነቀች። ልታግዛት ብላ ነው። «አዎ፣ እትዬም አላወቀችም...»

«ማነው የማያውቀው?» አለች እትዬ ሶፍት።

ድምፅዋ ራሷንም አስደነገጣት፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ተከታዩም ወጣ።

«እኔ ነኝ የማላውቀው? እኔ! ነጭ ፓውደር ሲበዛ ፍላሽ እንደሚመልስ እኔ አላውቅም? እሷ ሀሁ ሳትቆጥር እኔ አውቄዋለሁ! ሰኞ ዕለት ገና ክዳኑ ተከፍቶ ሳየው፣ ገና ከሩቅ፣ አዳራሽ ሲገባ ምን እንደሚሆን አንድ በአንድ ልነግራችሁ እችል ነበር! ለእኔ ነው ከየት ታምጣው የሚባለው?»

ከሽቶው በኩል አንዲት ሴት የያዘችውን ጠርሙስ ቀስ ብላ አስቀመጠች። እትዬ ሶፍት ያሸነፈች መስሏት፣ ፊት ለፊት ስታይ የእህቷን ልጅ አየች።

«ሰኞ?» አለች ልጅቷ።

እትዬ ሶፍት ወደ ካልሲው አየች።

«ሰኞ ነው ያወቅሽው?» ልጅቷ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታጥፍ ጀመር። «ማክሰኞ። ረቡዕ። ሐሙስ። ዓርብ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አጠገቤ ነበርሽ። አምስት ቀን ነበረሽ አክስቴ።»

«የኔ ልጅ...»

«ትንሽ ልጅ ሆኜ እንኳ ግንባሬ ሲያብለጨልጭ ከሩቅ ጠርተሽ ትጠርጊልኝ ነበር። ሰው እንዳያየኝ ብለሽ።»

አልበሙን ዘግታ፣ በደረቷ አቅፋ፣ ወጣች። እናቷ ጥቂት ቆየች። ልትሳደብ የፈለገች ትመስል ነበር፤ ግን ለእህቷ የተናገረችው በለሆሳስ ነው። «እኔ እኮ እንድታርፊ ብዬ ነበር። ሁሌ ስትሠሪላት ኖረሽ፣ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለሽ እንድታያት።» ልጇን ተከትላ ሄደች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። በዚያች ሰዓት ባንኮኒው ዙሪያ የቆመ ሰው ሁሉ እትዬ ሶፍት የምታውቅ ሴት መሆኗን አመነ፤ ያንን ነበር የፈለገችው፤ ያንን አገኘች።

ፎቶ አንሺው ልብሱን ለብሰው ቢመጡ ጥቂቱን እንደገና አነሳለሁ ብሎ ነበር። ልጅቷ እምቢ አለች። ከአዳራሹ ፎቶዎች አንዱን፣ ያውም ከሁሉ የነጣውን፣ አስፍታ አሳጥባ ሳሎኗ ውስጥ ሰቀለችው። ባሏ ምክንያቱን ሲጠይቃት «ያቺም እኔ ነኝ» አለችው አሉ። ከሦስት ወር በኋላ አክስቷ ልትጠይቃት ስትሄድ ተነስታ ሳመቻት፣ ወንበር ሰጠቻት፣ ሻይ አቀረበችላት፤ ስለ ጤናዋም ጠየቀቻት። የሰጠቻት ወንበር ፎቶውን ፊት ለፊት የሚያይ ነው። ሌላም ባዶ ወንበር ነበር። እትዬ ሶፍት ሻይዋን ጠጥታ እስክትጨርስ ዓይኗን የምታሳርፍበት ቦታ አጣች።

በሱቁ ከሥራ የተባረረ የለም። በጋ ለሁለት ሳምንት ያህል ከሰላምታ በቀር አላናገረቻትም። ከዚያ አንድ ቀን፣ ባንኮኒው ፊት ሦስት ደንበኞች ቆመው ሳለ፣ አንድ ዕቃ ከፍ አድርጋ ይዛ ድምፅዋን ሳትቀንስ ጠራቻት።

«እትዬ፣ ይሄስ ፍላሽ ላይ እንዴት ነው?»

ሦስቱም ዞር ብለው እትዬ ሶፍትን አዩ። ዘበኛውም ከበሩ ዞረ። መልስ ከመስጠት ሌላ መውጫ አልነበረም፤ ያቺ የምታውቅ ሴት እሷ ናትና።

«ይቀነስ» አለች። «ከዓይን ሥር አይደረግ። ቀለም ያለው ይሁን።»

ከዚያ ወዲህ በጋ በየቀኑ ትጠይቃታለች፤ ሁልጊዜ ሰው ባለበት፣ ሁልጊዜ ጮክ ብላ። ይህ ቆዳውን አብዝቶ አያደርቀውም ወይ? ለላብ የቱ ይሻላል? ይህን ከክሬም በፊት ነው ከክሬም በኋላ? ልጅቷ ፈጣን ናት፤ አንዴ የሰማችውን አትረሳም። እጇ ከቀን ወደ ቀን እየሰላ ሲሄድ፣ ብሩሹ ሲለዝብ፣ ከበፊቱ ያነሰ ስትቀባና የበለጠ ሲያምር፣ እትዬ ሶፍት ጎኗ ቆማ ታየዋለች፤ እያንዳንዱን ነገር ከራሷ አፍ እንደወጣ ታውቀዋለች፤ ሆዷም እንደ መጀመሪያው ቀን ያርራል፣ ምናልባትም ይብሳል።

ትላንት አንዲት ጠይም አስተማሪ መጥታ ነበር፤ በማግስቱ ፎቶ ልትነሳ። በጋ ጠየቀች፣ እትዬ ሶፍት መለሰች፣ በጋ ቀባቻት። አስተማሪዋ በመስታወቱ ራሷን አየች፣ ደጅ ወጥታ አየች፣ ተመልሳ ገባችና ሁለት እጇን ዘረጋች።

«እንዴት አድርጌ ላመስግንሽ?» አለች።

ያመሰገነችው በጋን ነው።